ታዳጊዎች ሕፃን ማሳደግ ምን እንደሚጠይቅ ከማን ይማሩ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ከተለያየ ቤት የተጻፉ ቢሆኑም፣ የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው። ገና ራሳቸው ልጅ የሆኑ ወጣቶች የሕፃንን ሸክም እንዴትና ከማን ይማሩ? ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነዚህ ሦስት ጠያቂዎች ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹ አጠር ተደርገው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ታላቅ እህቴ በቅርቡ ወልዳ ስለምንጎራበት፣ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች የምትሮጠው ወደ አራሷ ቤት ነው። ሕፃኑን ታቅፋለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣ ሲያለቅስ ግን ለእናቱ መልሳ ትወጣለች። ሰሞኑን ደግሞ «እኔም ቶሎ ወልጄ የራሴ ልጅ ቢኖረኝ» ማለት ጀምራለች፤ ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ትምህርት ቤቷ ተማሪዎች እንደ ሕፃን የሚያለቅስ አሻንጉሊት ለሁለት ቀን ወደ ቤት ወስደው እንዲንከባከቡ ሊያደርግ መሆኑን ነግሮናል። አሻንጉሊቱ ሐሳቧን ያስለውጥልኝ ይሆን? እኔስ በበኩሌ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ሕፃን መውደዷ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። የጎደላት ከፍቅሩ ጀርባ ያለውን ሥራ ማየት ነው፤ ዋናውን ነገር ራስዎ በደብዳቤዎ ጽፈውታል፦ ሲያለቅስ ለእናቱ መልሳ ትወጣለች።

ስለ አሻንጉሊቱ በግልጽ ልናገር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቀደም ሲል በአንዳንድ አገሮች ተማሪዎች ጥሬ እንቁላል ወይም ዱቄት የተሞላ ከረጢት ሳይሰብሩና ሳይጥሉ ለቀናት እንደ ልጅ ይዘው እንዲዞሩ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሌሊት ሳይቀር የሚያለቅስ፣ በአግባቡ መያዝና አለመያዙን የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክስ አሻንጉሊት በአሜሪካ ተሠርቶ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ልጃገረዶቹ ድካሙን ቢቀምሱት እርግዝናን ያዘገያሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ሆኖም በምዕራብ አውስትራሊያ በ57 ትምህርት ቤቶች፣ ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ከ2,800 በላይ ልጃገረዶች እስከ 20 ዓመታቸው ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የተገላቢጦሹን አሳየ። አሻንጉሊቱን ከተንከባከቡት መካከል 8 በመቶ ያህሉ በእነዚያ ዓመታት ሲወልዱ፣ የተለመደውን የጤና ትምህርት ብቻ ካገኙት መካከል የወለዱት 4 በመቶ ያህል ነበሩ።

ይህ የሆነበትን ምክንያት በተመለከተ የራሴን ግምት ልስጥ። አሻንጉሊቱ ምንም ያህል ቢያለቅስ ሁለተኛው ቀን ሲያበቃ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ልጅቱ ያንን ሁለት ቀን ስታልፍ የምትሰማው ምስጋናና አድናቆት ነው፤ ጓደኞቿም ይከቧታል፤ መምህሯ ነጥብ ይሰጣታል። በዚህ መንገድ የተማረችው «ከባድ ቢሆንም እችለዋለሁ» የሚለውን ይሆናል። በእውነተኛው ሕፃን ላይ ሰውን የሚያደክመው ግን የአንዱ ሌሊት ሥራ ክብደት ሳይሆን ሥራው ማብቂያ ቀን የሌለው መሆኑ ነው። ይህን አሻንጉሊት ሊያስተምር አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ይተወው አልልም፤ ልጅዎን ያስፈራልኛል ብለው ግን ተስፋ አይጣሉበት።

እርስዎ ከአሻንጉሊት የሚሻል ነገር በአጠገብዎ አለ። እህትዎን ያስፈቅዱና ልጅዎ ማግሥቱ ትምህርት በሌለበት አንድ ሌሊት ከአራሷ ጋር ከምሽት እስከ ንጋት ትደር። አንድ ደብተር ይዛ ሕፃኑ የጠባበትን፣ ጨርቅ የተቀየረለትን፣ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት ሁሉ ትመዝግብ። ጨቅላ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ከ14 እስከ 17 ሰዓት ያህል ይተኛል ሲባል ለእናቱም ዕረፍት ይመስላል፤ እንቅልፉ ግን ሁለትም ሦስትም ሰዓት እየሆነ የተቆራረጠ ነው። ልጅዎ ጠዋት ደብተሯን ስታይ ስሌቱን ራሷ ትሥራው፦ 10 ጊዜ ቢጠባና እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 5 ሰዓት ሙሉ ለማጥባት ብቻ ሄደ ማለት ነው፤ ማስገሳቱ፣ ማጠቡ፣ ማባበሉ ገና አልተቆጠረም።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን የማይረሳት ያየችው ይሆናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሕፃኑ ይነቃል። እናቱ ዓይኗ ሳይገለጥ ትነሣለች፤ ጨርቁን ትቀይራለች፣ ታጠባዋለች፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች እስኪያገሳ ትጠብቃለች። ባገሳ ቁጥር ያቀርሻል፤ አሁን የቀየረችለት ንጹሕ ልብስ ረጠበ፤ እንደ ገና ትቀይረዋለች። በመጨረሻ ተኛ ብላ ቀስ ብላ ስታስቀምጠው ጀርባው አልጋውን እንደ ነካ ዓይኑን ያፈጣል። በዚያች ቅጽበት ልጅዎ እንደ ወትሮው ተነሥታ መሄድ አትችልም፤ እናቱም አትችልም። እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። ሌሊቱ ቅጣት እንዳይመስል፣ ጠዋትም «አየሽ? አልነገርኩሽም?» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ። ምን እንዳስገረማት ጠይቀው ያዳምጧት።

ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ከሌሊቱ ይበልጣል። የራሳቸው ልጅ ቢኖራቸው ምን እንደሚሰማቸው ሲጠየቁ ብዙ ታዳጊዎች የሚሰጡት መልስ «ሁልጊዜ የሚወደኝ ሰው ይኖረኛል» የሚል ነው። ልጅዎም እንዲህ ካለች አይቆጧት፤ ትልቅ ነገር ነግራዎታለችና። ሕፃን ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀበላል እንጂ አይሰጥም፤ ሰው አይቶ ፈገግ የሚለው እንኳ ከስድስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ እናት የምትሰጠው ሌላ ቦታ ከጠገበችው ፍቅር ነው። ልጅዎ የጎደላት እንዲህ ያለ ፍቅር ከሆነ እሱን መሙላት የእርስዎና የአባቷ ድርሻ ነው።

አካሏን የሚመለከተውንም አይሸሽጓት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚወልዱ እናቶች ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ይልቅ በእርግዝና ጊዜ ከሚነሣ የደም ግፊትና መንቀጥቀጥ፣ ከወሊድ በኋላም ከማሕፀን ኢንፌክሽን ጋር የመገናኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ልጆቻቸውም ያለ ቀናቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ የመወለድ ዕድላቸው ይጨምራል። በተጨማሪም እርግዝና እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚከላከሉት ሳይነግሯት ስለ ሕፃን ድካም ብቻ ቢነግሯት ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። አፍረው ያለፉትን እርስዎ የማያውቁት ሰው፣ እርስዎ በማይፈልጉት መንገድ ይነግራታል።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ወንድ ልጄ ትንሽ ወንድሙን እንዲይዝ እናቱ ስታዝዘው «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብሎ ይወጣል። ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ ላስጨንቀው አልፈልግም። ማስገደድ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ግን ከራስዎ ይጀምሩ። ልጅዎ ይህን ቃል ከየት እንዳመጣው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እርስዎ ሕፃኑን ሲያጥቡ፣ ጨርቅ ሲቀይሩ፣ ሌሊት ተነሥተው ሲያባብሉ ስንት ጊዜ አይቶ ይሆን? ከጡት ማጥባት በቀር ለሕፃን የሚደረግ ነገር ሁሉ በአባት እጅ ሊደረግ ይችላል። የሕፃን አንገት ገና ያልጠና ስለሆነ በአንድ እጅ ማጅራቱን፣ በሌላው መቀመጫውን ደግፎ ማንሣት፣ የገላውን ውኃ በክርን ሞክሮ ለብ ማለቱን ማረጋገጥ፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትቶት ዘወር አለማለት፤ ይህን ሁሉ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ይለምደዋል። አሳይተውት አብረው ይሥሩ፤ ትእዛዝ ብቻ ከሆነ ይሸሻል።

ጎበዝ ተማሪ ከሆነ ደግሞ በሚወደው በኩል ይግቡበት። በቀን ከ8 እስከ 10 ዳይፐር ቢያስፈልግ በወር ከ240 እስከ 300 ይሆናል፤ ዋጋውን ጠይቆ ያባዛው፤ በዚያ ላይ የልብሱን፣ የሕክምናውንና ወላጅ ከሥራ ሲቀር የሚጎድለውን ገቢ ይደምርበት። እንዲህ ሲሆን «አባት መሆን» የሚለው ነገር ቁጥር ይኖረዋል። ይሁንና ገንዘብ ካመጣሁ ግዴታዬን ተወጣሁ የሚል ድምዳሜ ይዞ እንዳይነሣ ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 18 ልጅን የማሳደግ ኃላፊነት የሁለቱም ወላጆች የጋራ መሆኑን ይደነግጋል። ሴት ልጆቻችንን ብቻ እያስጠነቀቅን ወንዶቹን ስንተው ልጅ የሚወለደው ከአንድ ሰው ይመስል እናስተምራለን፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። እናቴ ወደ ሥራ ስለተመለሰች ከትምህርት ቤት ከመጣሁ ጀምሮ እስክትገባ ድረስ የሁለት ወር ወንድሜን የምይዘው እኔ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ደስ ይለኛል። ማታ ማታ ግን ፊቱ እስኪጠቁር ያለቅሳል፤ ባቅፈው፣ እሹሩሩ ብለው፣ ጡጦ ባጠባው አይተውም። ባለፈው ሳምንት በጣም ተናድጄ ጮኽኩበትና አልጋው ላይ ወርወር አድርጌ አስተኛሁት። ወዲያው አንሥቼው አብሬው አለቀስኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሕፃኑ ደህና ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን መጻፍሽ ድፍረት ነው፤ ራስሽን መፍራትሽም ወንድምሽን እንደምትወጂው ያሳያል። የተሰማሽ ንዴት ስንት ወላጅ በየቤቱ የሚሰማውና አፍሮ የማይናገረው ነው። ንዴቱ ክፉ ሰው አያደርግሽም። በንዴቱ ጊዜ እጅሽ የሚሠራውን ግን ዛሬውኑ ማወቅ አለብሽ፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ለቅሶው ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሕፃን በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ለቅሶውን መጨመር ይጀምራል፤ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት መካከል ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ሦስትና አራት ወር ሲሞላው ይቀንሳል። ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሕፃን እንኳ በዚህ ጊዜ፣ በተለይ ወደ ማታ፣ ለሰዓታት ሊያለቅስና በምንም ዘዴ ላይባበል ይችላል። ወንድምሽ ሁለት ወሩ ነው፤ አንቺ የተረከብሽው ቀኑ ሁሉ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን የመጨረሻውን ክፉ ሰዓት ነው።

ሲያለቅስ በቅድሚያ ማየት ያለብሽን እዪ፦ ርቦት እንደሆነ፣ ጨርቁ ረጥቦ እንደሆነ፣ ሞቆት ወይም በርዶት እንደሆነ፣ ሳያገሳ ተኝቶ እንደሆነ። ካልሲውን አውልቀሽ የእግሩን ጣቶችም እዪ፤ አንዳንድ ጊዜ አንዲት ፀጉር ወይም ክር ጣቱ ላይ ተጠምጥማ ታሠቃየዋለች፤ ማንም ልብ አይላትም። ትኩሳቱንም ለኪ፤ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ እናትሽን እየጠራሽ ወዲያው ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ይህን ሁሉ አይተሽ ምንም ካላገኘሽ ይዘሽው ተንጎራደጂ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጉሪለት።

ያም ካልሠራና ንዴቱ ወደ ላይ ሲወጣብሽ፣ ጥርስሽ ሲነከስ፣ እጅሽ ሲጠብቅ፣ ያን ጊዜ የምታደርጊው አንድ ነገር ነው። በጀርባው አልጋው ላይ አስተኚው፤ በአጠገቡ ትራስም ሆነ ለስላሳ ነገር አይኑር፤ ከክፍሉ ወጥተሽ በሩን ዝጊ። ውኃ ጠጪ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቁጭ በዪ፤ ከዚያ ተመልሰሽ እዪው። በእነዚያ ደቂቃዎች ማልቀሱ አይጎዳውም። የሚጎዳው መነቅነቅ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከቁመቱ ሩብ ያህል ነው፤ የሚሸከመው አንገት ደግሞ ገና ደካማ ነው። ሰው በንዴት ይዞ ሲነቀንቀው አንጎሉ በራስ ቅሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንገላታል፤ ደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ ቢሆን ዓይኑን ሊያጠፋው፣ ዕድሜውን ሙሉ አካል ጉዳተኛ ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ አስተኝቶት መውጣት በዚያች ሰዓት የምትሠሪው ትክክለኛ ሥራ እንጂ ሽንፈት አይደለም።

በጀርባው አስተኚው ያልኩሽ ለዚህ ጊዜ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ወላጆች ሕፃናትን በጀርባቸው እንዲያስተኙ ሰፊ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ እያሉ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። ስድስት ወር እስኪሞላውም ከእናት ጡት ወይም ከተዘጋጀለት የዱቄት ወተት በቀር ለብቻው ውኃ አትስጪው፤ ሰው ማር አልሺው ቢልሽም አንድ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም እንዳታደርጊው፤ ማር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ የሕፃንን አካል የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ለእናትሽ መንገር አለብሽ፤ ዛሬ ማታ። ወንድምሽ ደህና ቢመስልም የሆነውን የሚያውቅ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አንቺም ይህን ብቻሽን ይዘሽ ልትቆዪ አይገባም። እንዴት እንደምትጀምሪ ከጨነቀሽ እንዲህ በያት፦ «እማዬ፣ ባለፈው ሳምንት ሲያለቅስ ተናድጄ አልጋው ላይ ወርወር አደረግሁት። ደህና ይመስላል፤ ግን ሐኪም እንዲያየው እፈልጋለሁ። ብቻዬን ስይዘውም አንዳንድ ጊዜ አልችልም።» ይኸው ነው። ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለእናትሽም ይህን ገጽ አሳዪያት፤ የሚቀጥለው ቃል ለእርሷ ነውና። እመቤቴ፣ ልጅዎ የነገረችዎት ነገር ያስደነግጥዎታል፤ መጀመሪያ የሚወጣዎት ቁጣ ቢሆን አይገርምም። ነገር ግን ዛሬ ቢቀጧት ሁለተኛ አትነግርዎትም። የ16 ዓመት ልጅ ረዳት ልትሆን ትችላለች፤ ሁለተኛ ወላጅ ግን አይደለችም። የምትይዝበት ሰዓት የተወሰነ ይሁን፤ ሲከብዳት «ነይልኝ» ወይም «ናልኝ» ብላ የምትጠራው አንድ አዋቂ ሰው በቅርብ ይኑር፤ ሕፃኑ በብዛት የሚያለቅስበትን የማታ ሰዓት በተቻለ መጠን ሌላ ሰው ይያዝላት። ሥራዎ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ከዘመድም ከጎረቤትም ጋር ተነጋግረው ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ብቻ መፍትሔ ይፈልጉ፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶው እየቀለለ ይሄዳል።

አንቺ ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ እናትሽን ሳትጠብቂ የምታደርጊው አለ። ወንድምሽ መጥባት እንቢ ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ዓይነት ድብታ ከያዘው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ጭንቅላቱ ላይ ያለው እርግብግቢት ሳያለቅስም ወደ ላይ ካበጠ፣ በአቅራቢያሽ ያለውን አዋቂ ጠርተሽ በቀጥታ ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ባለፈው ሳምንት የሆነውንም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው።